የቢጎዲኑ ዓረፍተ ነገር

ጥቅምት 2 ቀን

ይድረስ ለሲስተር፣

ይህ ደብዳቤ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተከትሎዎት ነው የሚመጣው። የመምህራን ማኅበሩ ጸሐፊ መድረክ ላይ ከመውጣትዎ በፊት እንድትሰጥዎ አደራ ብያታለሁ። እንደምን ሰነበቱ እንዳልል የተለያየነው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ጉልበትዎ አውቶቡሱን እንዴት ቻለው ብቻ ልበል። ወንበሩ መደገፊያ ከሌለው አይቀመጡበት፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነም ለብ ያለ ይጠይቁ። አይፈሩ፣ እንግዳ ነዎት።

ስልክ አልይዝም ብለው እኔንም የድሮ ሰው አደረጉኝ። ፋብሪካው ስልኬን ይሰማዋል ካሉ ይሰማው ይሆናል፤ እኔ ግን አሥር አዳራሽ ያለው ጉዞ በደብዳቤ ስመራ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። የእኔን ደብዳቤ ሁልጊዜ በሚቀጥሉት አዳራሾች ያገኙታል። የእርስዎን ለአውቶቡስ ትኬት ቆራጮቹ ይስጡልኝ። ስንት ዘመን ፖስተር ልኬባቸዋለሁ፣ ቢሮዬን ሁሉም ያውቁታል፤ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ካሉ ይበቃል።

በመስኮት የጠየቁኝን ሳልመልስ አውቶቡሱ ይዞዎት ሄደ። ሰባተኛውን ከተማ ለምን አስገባሽው ነበር ያሉኝ። ስለ ባትሪ ፋብሪካ መጽሐፍ የጻፈች ነርስ ፋብሪካው ያለበትን ከተማ ዘልላ ካለፈች ሰው ፈራች ነው የሚለው። የታመሙት ልጆች ወላጆች እዚያ ናቸው፤ ክሳቸውም በኅዳር ይሰማል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ራሱ ደውሎ ነው የለመነኝ። ጥቅምት 26 ነው፤ እስከዚያ ስድስት አዳራሽ አለልዎት፣ አሁን አያስቡት።

ይልቅ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። ለአሥሩም አዳራሽ አዲስ የማስተዋወቂያ ጽሑፍ ልኬያለሁ። ያለፈው ዓመቱ «ተወለደች፣ ተማረች፣ አገለገለች» ይላል፤ የቀብር ንግግር እኮ ነው የሚመስለው፣ ቀጥሎ እርስዎ በሕይወት ብቅ ሲሉ ሰው ይደነግጣል። ይኼኛው ሦስተኛው መስመር ላይ አዳራሹን ያነቃዋል። ምን እንደሚል አልነግርዎትም። ሲሰሙት ከሰው ጋር አብረው ይሳቁ።

የእርስዎው ማስታወቂያ


ጥቅምት 5 ቀን

ለማስታወቂያዬ፣

ጉልበቴ ደህና ነው። ውሃው ለብ ያለ ነበር፣ ወንበሩም መደገፊያ አለው። የጠየቅሽኝን ሁሉ መለስኩልሽ፤ አሁን እኔ ልናገር።

መድረክ መሪው የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፣ ድምፁ ያማረ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ እንዲህ አለ፤ «የሠላሳ አንድ ሕፃናት የደም ምርመራ ውጤት ከፋብሪካው በር የወጣው በአንዲት ሴት ጸጉር ላይ፣ ቢጎዲን ውስጥ ተጠቅልሎ ነው።» ሰዉ ሳቀ፣ ቀጥሎም አጨበጨበ። እንዳልሽው ነቃ። እኔ ማይክራፎኑን ይዤ ንግግሬን ከመሃሉ ጀመርኩ፤ አርባ ዓመት በሽተኛ ፊት ቆሜ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

ታሪኩን ነግሬሻለሁ፤ የረሳሽው ስለመሰለኝ ግን እንደ አዲስ ልንገርሽ። በመጽሐፌ ውስጥ «አንድ ሰው ወረቀቶቹን ሰጠኝ» ብቻ ነው ያልኩት። ሴት ናት እንኳ አላልኩም። በፋብሪካው ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ አርብ አርብ ጸጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ፣ ሻሽ አስራበት ሥራ የምትገባው አንዲት ሴት ብቻ ናት። በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሹት ዘበኞች «ዛሬ ደግሞ ማንን ልታገቢ ነው?» እያሉ ይቀልዱባታል። እዚያ ክሊኒክ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይህን የማያውቅ ድመት እንኳ በግቢው አልነበረም።

የምትኖረው በፋብሪካው ቤት ነው። ልጇ በፋብሪካው ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ሰኔ ላይ ትጨርሳለች። ፋብሪካው ልጆቹ ተመርምረው አያውቁም፣ ወረቀቶቹም ሐሰት ናቸው ብሎ ይኸው ሁለት ዓመት አውጪውን ይፈልጋል። «ልጄ እስክትጨርስ ብቻ ደብቂኝ፣ ከዚያ ይዣት ልውጣና የፈለጉትን ይበሉ» አለችኝ። እኔም ማልኩላት።

በሌላ ከተማ ያቺ መስመር ቀልድ ናት። በሰባተኛው ከተማ ስምና አድራሻዋ ናት። ጽሑፉን ከሁሉም ሰብስቢልኝ፤ ዛሬውኑ።

ሲስተር


ጥቅምት 8 ቀን

ሲስተር፣

ደብዳቤዎን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። የፎቶ ኮፒዋ ሴትዮ ከታች ወጥታ «ምነው፣ ሰው ሞተብሽ?» አለችኝ። ምላሴን በቆረጠው፣ እጄን በቆረጠው እያልኩ ነው የዋልኩት።

እንዴት ገባ ይሉኛል። አሠራሬን ያውቁታል። ከጉዞ በፊት ተናጋሪውን ቀኑን ሙሉ አስቀምጬ አስወራዋለሁ፣ የሚለውን በካርድ እጽፋለሁ፤ «ይህቺ በመካከላችን ትቅር» ያለኝን ካርድ በቀይ አሰምርበታለሁ። ቀይ የተሰመረበት ካርድ ከዚህ ቢሮ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ የእርስዎን ካርዶች አንድ በአንድ አየኋቸው። የቢጎዲኗ ካርድ ላይ ቀይ መስመር የለም። ምናልባት ሳይነግሩኝ ቀርተው ይሆናል፣ ምናልባትም እኔ አልሰማሁም። ማንንም ለመውቀስ ብዬ አይደለም፤ ሆን ብዬ እንዳላደረግኩት እንዲያውቁልኝ ነው።

ከዘጠኙ አዳራሾች አምስቱን አግኝቻለሁ። የንግድ ኮሌጁ ቀዶ ጥሎታል። የወጣቶች ማዕከሉ ልጅ «እንዴ፣ ያቺን መስመርማ ተዉልን» ብሎ ሲከራከረኝ ጮህኩበት፤ በኋላ አፈርኩ። ሁለቱ በፖስታ መልሰዋል። አንደኛዋ ጸሐፊ ጭራሽ አልከፈተችውም ነበር፣ ልስማት ምንም አልቀረኝ። የሰባተኛው ስልክ ግን ይጠራል፣ አይነሳም። አንዴ ብቻ ጽዳት ሠራተኛዋ አንስታ ኃላፊው ሥልጠና ሄዷል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ይመለሳል አለችኝ። ወረቀቱ የት እንዳለ አታውቅም። መሳቢያው ውስጥ ነው የሚሆነው። ከመሳቢያ ሌላ የት ያደርገዋል?

ለሁሉም አዲስ ጽሑፍ ልኬያለሁ፤ የሚያስተኛው ዓይነት። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ሴትዮዋን ላስጠንቅቃት ወይ? ራሴ ልሄድ እችላለሁ። ዘመድ መስዬ፣ የመድኃኒት ወኪል መስዬ፣ እንደፈለጉኝ።

ያፈረችው ማስታወቂያዎ


ጥቅምት 11 ቀን

ልጄ፣

ላስጠንቅቃት ወይ ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው። ስንለያይ የተነጋገርነው አንድ ነገር ነበር፤ እስከ ሰኔ አንተያይም፣ አንጻጻፍም፣ መንገድ ላይ ብንገናኝም አንተዋወቅም። የፋብሪካው ቤቶች ግድግዳቸው አንድ ነው፤ በአንዱ ስታስነጥሺ ከሌላው «ይማርሽ» ይሉሻል። እንግዳ ሴት በሯን ብታንኳኳ ሰፈሩ ቆጥሮ ይይዛታል። የመድኃኒት ወኪል ልሁን ማለትሽ ደግሞ ገርሞኛል፤ አንቺ መድኃኒት ስትውጪ እንኳ ፊትሽ ላይ ይታወቃል።

ሁለተኛው አዳራሽ ላይ ደብዳቤሽ ስላልደረሰኝ ወረቀቱን ከመድረክ መሪው እጅ ነጥቄ ኪሴ ከተትኩት። ሰውየው ያበድኩ መስሎት ማይክራፎኑንም አብሮ ሰጠኝ። እዚህ ሦስተኛው ላይ የሚያስተኛው ጽሑፍሽ ደርሷል፤ ግን የእኔ አልነበረም። ተጣድፈሽ የሌላውን ተናጋሪሽን፣ የደን ተሟጋቹን ሽማግሌ ጽሑፍ ልከሻል። «አሁን ወደ መድረክ የምጋብዘው በነጭ ጺሙ የሚታወቀውን፣ ሠላሳ ዓመት ከመጥረቢያ ጋር የታገለውን» ሲል ተነስቼ መድረክ ወጣሁ። ሰዉ ዝም ብሎ አጨበጨበ። ጺሙን ማንም አልጠየቀኝም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንት ያስቀኝ ነበር።

አሁን ግን ሳቁ አይመጣልኝም። ምግብ አፌ ላይ እንጨት ሆኗል። ትናንት መጽሐፍ ስፈርም ፊርማዬ የሌላ ሰው መሰለኝ። በየአዳራሹ በር ሲከፈት ከዚያ ከተማ የመጣ ሰው ይሆን እያልኩ ዞሬ አያለሁ። ልጅቷ ትታየኛለች፤ መጨረሻ ያየኋት አሥረኛ ክፍል ሆና ነው፣ የእናቷን ነጭ ጋዋን ለብሳ መስተዋት ፊት ቆማ ነበር።

ስለ ቀዩ መስመር የጻፍሽውን አነበብኩት። እኔ «ይህቺ በመካከላችን ትቅር» እንዳልኩሽ ነው የማስታውሰው። ግን አርጅቻለሁ፤ መነጽሬን አናቴ ላይ አድርጌ የምፈልግ ሰው ነኝ። ያልነገርኩሽ እኔ እሆናለሁ፣ ይሁን።

ከሰባተኛው ምን እንደሰማሽ ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ።

ሲስተር


ጥቅምት 15 ቀን

ክብርት ሲስተር፣

በመጀመሪያ ይቅርታ፣ ለደብዳቤው መዘግየትም ለጺሙም። ሽማግሌው ሲሰማ ተቆጥቷል፤ የተቆጣው ግን የሱ ጽሑፍ ለሌላ ሰው ስለተነበበ አይደለም፣ ያለ እሱ ስለተጨበጨበ ነው። አሁን ደግሞ በሚቀጥለው ጉዞው የሚቆምበት ሳጥን ከባለፈው ከፍ እንዲል ጠይቋል። ቁመቱን ለክቼ ለአናጢው ልኬያለሁ።

የሰባተኛውን ኃላፊ ትናንት አገኘሁት። ትሑት ሰው ነው፤ ለከተማው አዲስ ነው፣ አምና ነው ተዛውሮ የመጣው። ወረቀቱን መልሶልኛል። እንግዲህ አሥሩም ተመልሷል ማለት ነው።

ስለ ፖስተሮቹም ልንገርዎ። አራተኛው ከተማ ላይ በአንድ ቀን የረገፉት በሙጫው ምክንያት ነው። ድሮ በዱቄት የምናፈላው ይሻል ነበር፤ ይህ የተገዛው ፀሐይ ሲነካው ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይንሸራተታል። የለጣፊዎቹ አለቃ ሁለት ጊዜ እንቀባለን ቢለኝም እምቢ ብዬዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ የተቀባ ፖስተር ሲነሳ ግድግዳውን ይዞ ነው የሚነሳው፣ ከዚያ ከባለቤቱ ጋር ጭቅጭቅ ነው። የፎቶ ኮፒዋ ሴትዮ ትንሽ ጨው ጣል አድርጊበት ትለኛለች። ነገ እሞክረዋለሁ። የእርስዎ ፎቶ ያለበት ላይ ሳይሆን የሽማግሌው ላይ ነው የምሞክረው።

ምግብ ይብሉ እባክዎ። ሾርባም ቢሆን። ጉልበትዎንም ለብ ባለ ውሃ ይያዙት፤ ነርስን እንዲህ ማለት ድፍረት ነው፣ ግን እርስዎ ለሰው እንጂ ለራስዎ ነርስ ሆነው አያውቁም።

ማስታወቂያዎ


ጥቅምት 18 ቀን

ማስታወቂያ፣

አምስተኛው አዳራሽ ትናንት አለቀ። ሰው ሞልቶ ነበር፣ ፎቶም ተነስቷል፣ ይልኩልሻል።

ሊያስፈርሙ ከተሰለፉት መሃል አንዲት የሹፌር ሚስት ነበረች፣ ደስተኛ ሴት። መጽሐፉን ከፍታ እያቀረበችልኝ «ቢጎዲኗንም ይዘዋት ቢመጡ ጥሩ ነበር እኮ» አለችኝ። የት ሰማሽ ስላት «ከመኪናዋ ነዋ» አለችኝ። ባሏ ዕቃ ሊያራግፍ ወደ ፋብሪካው ከተማ ሲገባ አብራው ነበረች።

እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ደብዳቤሽን ከቦርሳዬ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ስለ ሙጫ አንድ ገጽ ጽፈሽልኛል። ስለ ሰባተኛው ከተማ ጥቂት መስመር። ልጄ፣ እኔ የታመመ ሰው ስለሌላ ነገር ብዙ ሲያወራ የቱ ጋ እንደሚያመው አውቃለሁ።

ስለ የትኛዋ መኪና ነው የምታወራው? አንድ ቃል ጻፊልኝ። ስድስተኛውን አዳራሽ ሰርዢልኝ፣ አሟታል በያቸው፤ ውሸትም አይደለም። ነገ ወደ ሰባተኛው እሄዳለሁ። የተማማልነውን አፍርሼ ቤቷ ልሂድ አልሂድ ገና አላወቅኩም። ከሄድኩ ያላወቁትን ማሳወቅ ይሆናል፣ ከቀረሁ ደግሞ ብቻዋን ትቶ መሄድ ነው። መልስሽ በቤተ መጻሕፍቱ ይጠብቀኝ።

ሲስተር


ጥቅምት 20 ቀን

ሲስተር፣

መልሱ አዎ ነው። ከተማው ውስጥ ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ጭና ማስታወቂያ የምታስነግር ፒካፕ አለች። ኃላፊው ሥልጠና ከመሄዱ በፊት ጽሑፌን ለሹፌሯ ሰጥቶት ሄዷል። ከጥቅምት 9 እስከ 11 ሦስት ቀን ሙሉ በገበያው፣ በአውቶቡስ መናኸሪያው፣ በፋብሪካው ቤቶች መሃል እያነበበች ዞራለች። ስደውልለት በደስታ ነው የነገረኝ። «ያቺን የቢጎዲኗን መስመርማ ሕፃናቱ ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘዋታል» አለኝ። ማን እንደሆነች አያውቅም፤ ለከተማው አዲስ ነው ያልኩዎት እውነት ነው። ወረቀቱን መልሶልኛል ያልኩዎትም እውነት ነው። ከተማው በሙሉ ከሰማው በኋላ መለሰልኝ።

ይህን ጥቅምት 14 አውቄው በ15 ስለ ሙጫ ጻፍኩልዎ። ምን ሆኜ ነው አይበሉኝ። ብዕሩን ስይዘው እጄ ሌላ ነገር ይጽፋል። ሁለት ደብዳቤ ቀድጃለሁ፣ በሁለቱም ላይ እውነቱ ነበር።

አሁን ከዚህ የባሰውን ልጻፍ፤ ሳልጽፈው ከቀረሁ ዳግም ዓይንዎን ማየት አልችልም። ካርዱ ላይ ቀይ መስመር ነበረበት። «ይህቺ በመካከላችን ትቅር» ብለውኛል፣ ሰምቻለሁ፣ አስምሬያለሁ። መስከረም ላይ አዲሱን ጽሑፍ ስጀምር ምንም አልመጣልኝም፤ ሁሉም ዓረፍተ ነገር የሞተ ነበር። ያን ካርድ አነሳሁት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስም ሳልጠራ፣ ማንን ይጎዳል አልኩ። በንጹሕ ካርድ ላይ ገለበጥኩትና ቀዩን መሳቢያው ስር ከተትኩት። ጥቅምት 8 ቀን «ቀይ መስመር የለም» ስልዎ አዲሱን ካርድ እያየሁ ነበር። ከዚያ እርስዎ አርጅቻለሁ ብለው ጻፉልኝ፤ ያን አንብቤም ዝም አልኩ። አላረጁም ሲስተር። አንድም ነገር አልረሱም። እኔ ነኝ።

ዓረፍተ ነገሩ ያምር ነበር። እሱን ነው የወደድኩት። ሴትዮዋን አንድም ቀን አላሰብኳትም፤ ጸጉር ያላት፣ ልጅ ያላት ሰው መሆኗ ትዝ ያለኝ የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ነው።

ነይ ካሉኝ በሚቀጥለው አውቶቡስ እመጣለሁ። አትምጪ ካሉ ደግሞ ከሰባተኛው በኋላ የቀሩትን ሦስት አዳራሾች ለሌላ ሰው አስረክቤ ቢሮውን እዘጋለሁ። የፈለጉትን ይጻፉልኝ፤ ዝም ብቻ አይበሉኝ።


ጥቅምት 22 ቀን

ልጄ፣

ዝም ልልሽ አስቤ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን የቢጎዲኗ ሴት ራሷ «ጻፊላት፣ ያንቺ ዝምታ እንደሆነ መርፌ ነው» አለችኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

እዚህ ስደርስ ቤቷን ልጠይቅ ወይስ አልጠይቅ እያልኩ ነበር። መጠየቅ አላስፈለገኝም። መናኸሪያው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ መኪናዋ ያለችውን ስሰማ እንደምመጣ ገምታ በየቀኑ አውቶቡሱን ስትጠብቅ ነበር። ተቃቀፍን። ሰው ሁሉ አየን፤ ከእንግዲህ ምን ይደበቃል?

ጥቅምት 13 ቀን ቢሮ ጠርተዋት ነበር። «አንቺ ነሽ?» ብለው ጠየቋት። አይደለሁም ብትል የሚያስረዱባት አልነበራቸውም፤ ቢጎዲን ማድረግ ወንጀል አይደለም። እሷ ግን አዎ አለች። ለምን እንዳለች ጠይቄያታለሁ፤ የመለሰችልኝን የእሷ ነውና እሷ ትንገርሽ። ከሥራ ወጥታለች፣ ቤቱን እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቂ ተብላለች። ልጅቷን ትምህርት ቤቱ እስካሁን አላስወጣትም፤ «እናየዋለን» ነው የሚሉት። ልጅቷ ትሄዳለች፣ ትማራለች፣ በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ትቀመጣለች። ትናንት አብሬያት አትክልት ስከትፍ «አይዞዎት ሲስተር፣ ሒሳብ ብቻዬን ስሆን ነው የሚገባኝ» አለችኝ።

ስለ ቀዩ ካርድ እውነቱን መጻፍሽን አይቻለሁ። በጣም ተናድጄብሻለሁ፤ ያ ንዴት ገና አልበረደም፣ መቼ እንደሚበርድም አላውቅም። ግን እኔም የምናዘዘው አለኝ። ያን ታሪክ ለምን ነገርኩሽ? ለጽሑፍሽ አላስፈለገሽም፣ አልጠየቅሽኝም። ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ነበር፤ አንድ ሰው አብሮኝ እንዲስቅ ፈለግኩ። ዘበኞቹ ቦርሳዋን ሲበረብሩ ወረቀቱ አፍንጫቸው ፊት ለፊት መቆሙን ሳስበው ይገርመኛል፣ ደስም ይለኛል። መሐላዬን መጀመሪያ ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ለከተማው፣ እኔ ለአንቺ።

አዳራሹን ልሰርዘው ነበር፣ እሷ ከለከለችኝ። በ26 እናገራለሁ። የቀሩትን ሦስት አትዝጊያቸው፤ ግን አሁን አትምጪ። አድራሻሽን ጠይቃኝ ሰጥቻታለሁ። ምን እንደምትጽፍልሽ አላውቅም። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ሲስተር


ጥቅምት 27 ቀን

ለማስታወቂያ ጸሐፊዋ፣

ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ፤ ቅር ካለሽ ቅር ይበልሽ። አንቱ ልልሽ ጀምሬም ነበር። ጸጉሬ ውስጥ ምን እንደነበር ለከተማው ካስነገረች ሰው ጋር ግን አንቱታው አልመጣልኝ አለ።

መኪናዋ በሰፈራችን ስታልፍ ደጅ ላይ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ያቺ መስመር ስትነበብ ጎረቤቶቼ ከየደጃቸው ዞረው አዩኝ። እጄን አደረቅኩ፣ ገባሁ፣ ሻንጣውን ከአልጋው ስር ጎተትኩ። ልጄ «እማ፣ የት ልንሄድ ነው?» አለችኝ። ለዚያ ጥያቄ ስምንት ወር ነበረኝ። ስምንቱን ወር አንቺ ወሰድሽብኝ።

ቢሮ ጠርተው ሲጠይቁኝ ለምን አዎ እንዳልኩ ራሴ እንድነግርሽ ሲስተር ትታልኛለች። አይደለሁም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ የክሊኒካችን የጽዳት ሠራተኛ ትዝ አለችኝ፤ አዲስ ናት፣ እሷም ጸጉሯን ታስራለች። እኔ ካልሆንኩ እሷን ይጠሯታል። ደግሞም ደክሞኝ ነበር። ሁለት ዓመት በየበሩ ስገባ ስወጣ ፊቴን ማስተካከል ደክሞኝ ነበር። ይህን ስልሽ ግን ጥሩ አደረግሽልኝ እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ድካሜን የማውቀው እኔ ነኝ፤ መቼ እንደማርፍም እኔ ነበርኩ መምረጥ ያለብኝ።

ለሲስተር የጻፍሽላትን ሁሉ አሳይታኛለች፣ የቀዩንም። እውነቱን መጻፍሽ ደግ ነው። ይቅር ብዬሻለሁ ብል ግን እዋሻለሁ፣ ውሸት ደግሞ በዚህ ቤት በቅቶናል።

የምጽፍልሽ ለሌላ ጉዳይ ነው። የወላጆቹ ጠበቃ ኅዳር 12 ቀን ችሎት ቆመሽ መስክሪልን ብሎኛል። እሺ ብያለሁ። ፋብሪካው ወረቀቶቹ ሐሰት ናቸው እንዳለ ነው፤ እኔ ቆሜ አየሁ፣ መረመርኩ፣ አወጣሁ ካላልኩ ሐሰት ሆነው ይቀራሉ። ያኔ ሠላሳ አንዱ ልጆች አልታመሙም፣ እኛም በከንቱ ከቤታችን ወጣን ማለት ነው። ትናንት አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሲስተርን ማንም ሳያስተዋውቃት ወጣችና ተናገረች። ወንበሩ መደገፊያ አልነበረውም፣ ቆማ ነው የጨረሰችው። እሷን እያየሁ እኔ እንዲህ እችላለሁ ወይ አልኩ።

አልችልም። ዕድሜዬን ከጠርሙስና ከማይክሮስኮፕ ጋር ነው የኖርኩት። ዛሬ ጠዋት ልጄን ዳኛ አድርጌ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ሞከርኩት። ስሜን ተናገርኩ፣ ከዚያ ድምፄ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስሜ ላይ ቆምኩ። ልጄ አለቀሰች። ሲስተር «አይዞሽ» ትለኛለች፤ አይዞሽ ድምፅ አይሆነኝም። ጠበቃውን ብጠይቀው «እንደ ቤትሽ ተናገሪ» አለኝ፤ ቤቱንማ ተነጥቄያለሁ። አንቺ ግን የፈሩ ሰዎችን መድረክ ላይ ማቆም ሥራሽ ነው ብላኛለች። ሲስተርን ራሷን የመጀመሪያው ቀን መጋረጃ ጀርባ እንደ ሕፃን እጇን ይዘሽ ነው አሉ ያወጣሻት።

ሐሙስ ነይ። የምናገረውን አትጻፊልኝ፤ አንድም መስመር አታሳምሪልኝ። ካርድም ይዘሽ አትምጪ። ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኛለሽ፣ ድምፄ ሲጠፋም ከእንደገና ታስጀምሪኛለሽ፣ እስከ መጨረሻው እስክደርስ ድረስ። ልጄ በር ትከፍትልሻለች፤ ማን እንደሆንሽ ነግሬያታለሁ፣ የምትልሽን ቻዪያት።

ይቅርታ የምትይኝ ከሆነ ከኅዳር 12 በኋላ በይኝ። አሁን ጊዜ የለንም።